ዴምና የመሬት ወረቀት፦ የዘር አድልዎና የቤት መያዣ ብድር በካርቱም፣ ከ1898 እስከ 2023

የካርቱምን የቤት መያዣ ብድር ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ተመራማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው እንቅፋት የብድሩ ማነስ ነው። በአሜሪካ ከተሞች እንደሚገኘው ባንክ አንዱን ዘር ለይቶ የመለሰበት ደብዳቤ፣ ወይም ለአንዱ ዘር ከሌላው የከበደ ወለድ የተጻፈበት ውል በካርቱም መዛግብት ውስጥ በብዛት አይገኝም። ከዚህ ተነሥቶ በቤት ብድር ረገድ አድልዎ አልነበረም ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። በካርቱም አድልዎው የሚፈጸመው ከባንኩ ደጅ ሳይደረስ ነው፤ ብድር ለመጠየቅ የሚያበቃው የመሬት ወረቀት ለማን ይሰጣል በሚለው ላይ። ወረቀት ያላገኘ ሰው በመያዣነት የሚያቀርበው ቤት የለውም። መያዣ የሌለው ሰው ደግሞ ገንዘብ ሲቸግረው የሚቀበለው አበዳሪ ቤቱን ሳይሆን ሰውነቱን የሚይዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ፣ ማለትም በወረቀቱና በወረቀቱ እጦት በተፈለፈለው ብድር ላይ የቆመ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከተማው በደረጃ ሲከፈል

መስከረም 2 ቀን 1898 በከረሪ ሜዳ የመህዲስቱ ጦር ከተደመሰሰ በኋላ፣ ኪችነር በ1885 ፈርሳ የቀረችውን ካርቱምን እንደ አዲስ አስቀየሰ። መንገዶቹ በእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ላይ እንዳሉት መስመሮች እንዲሰላለፉ መደረጉ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል፤ እንደ አስገራሚ ወሬ ስለሚነገርም ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ዋናው ነገር ከመንገዱ ይልቅ የቦታው ድልድል ነበር። ከሰማያዊው ዓባይ ዳር ያለው ቦታ ለቤተ መንግሥቱ፣ ለሹማምንቱና ለአውሮፓውያኑ፤ ቀጥሎ ያለው ለግሪክ፣ ለሶርያ፣ ለግብጽና ለባለጸጋ የአገሩ ነጋዴዎች፤ ከከተማው በስተደቡብ ያለው ሜዳ ደግሞ ለሠራተኛው።

በ1899 ከተማዎቹን የሚመለከት የመሬት ባለቤትነት ሕግ ወጣ። መሬቱን ቀደም ብሎ ይዞ መቆየቱን በምስክር ያረጋገጠ ሰው ባለይዞታ ሆኖ ይመዘገብ ነበር፤ በአረብኛው «ሚልክ ሑር» የሚባለው ነጻ ርስትም ከዚህ ተወለደ። ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ርስት የሚጠየቀው አባትና አያት ተቆጥሮ ነው፤ አባቱ ከየት እንደተፈነገለ የማያውቅ ሰው በማን ስም ይቁም? በሰሜኑ የዓባይ ዳርቻ ተወላጅ የሆነው ባለሀገር፣ አባቱ ዘንባባ የተከለበትን ቦታ የሚያውቁ ምስክሮች ነበሩት። ከኑባ ተራሮች፣ ከበሕር ኤል ገዛልና ከዳርፉር በባርነት ወይም በወታደርነት ተነድቶ የመጣው ግን አንድም የሚጠራው አልነበረውም። ሕጉ ስለ ዘር አንዲት ቃል ሳይናገር ሁለቱን ለያቸው።

ቆይቶም የከተማ ቦታ በደረጃ ተከፈለ። በአንደኛ ደረጃ ሰፊ ቦታ፣ በጡብ ወይም በድንጋይ የሚሠራ ቤትና ረጅም የኪራይ ዘመን ይፈቀዳል፤ በሁለተኛው ሁሉም ይቀንሳል፤ በሦስተኛው ቦታው ይጠብባል፣ ቤቱ ከጭቃ ሊሆን ይችላል፣ ዘመኑም ያጥራል። ከእነዚህ ሁሉ በታች «የአገሬው ማደሪያ» የተባለ ሰፈር ነበር፤ በዚያ የሚኖር ሰው ቦታውን የሚይዘው በአጭር፣ በየጊዜው በሚታደስ ፈቃድ ስለሆነ መንግሥት ሲፈልግ ማንሣት ይችል ነበር። «ሒክር» በሚባለው በዚህ የመንግሥት መሬት ኪራይ፣ የዘመኑ እጥረት ከቦታው ጥበት የከፋ ነው። ሃምሳ ዓመት የሚጸና ኪራይ ያለው ሰው ያንን መብት አስይዞ ሊበደር ይችላል። በወር በወር የሚታደስ ፈቃድ ያለው ሰው የሚያስይዘው ነገር ከቀጣዩ ወር አያልፍም፤ በጡብ የመሥራት ምክንያትም የለውም። ኋላ መጥቶ የጭቃ ጎጆውን የሚያይ ሹም ደግሞ ሰፈሩ ለዝቅተኛ ደረጃ መመደቡ ተገቢ እንደነበረ ይደመድማል። ምደባው ራሱ ማስረጃውን ይፈጥር ነበር።

በአሜሪካ በ1930ዎቹ የሆነው ከዚህ ጋር ቢነጻጸር ብርሃን ይሰጣል። በ1933 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ድርጅት የከተሞችን ካርታ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም በአራት ደረጃ አስመደበ፤ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ቀይ ተቀቡ። በ1934 የተመሠረተው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደርም እንዲህ ላሉት ሰፈሮች ብድር ዋስትና አልሰጥም አለ። በዚያ የዘሩ ጉዳይ በግልጽ ተጽፎ ስለነበር በ1968 የወጣው የፍትሐዊ ቤት ሕግ የሚሽረው ነገር ነበረው። የካርቱሙ አራት ደረጃ ግን የሚናገረው ስለ ጡብና ስለ ጭቃ፣ ስለ ካሬ ሜትርና ስለ ዓመት ነው። ማንም ሊሽረው ያልተነሣው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

ዴም

«ዴም» የሚለው ቃል ሰፈር ወይም የጦር ሰፈር ማለት ነው። በበሕር ኤል ገዛል ታላቁ የባሪያ ነጋዴ ዙቤር ራሕማ ጓዙን ያሰፈረበት ቦታ እስከ ዛሬ ዴም ዙቤር ይባላል። በካርቱም ደቡብ የነበሩት ዴሞች ነዋሪዎች በአብዛኛው የዚያ ንግድ ትራፊ ናቸው፦ ነጻ የወጡ ባሮችና ልጆቻቸው፣ ከግብጽ ጦር የተሰናበቱ ጥቁር ወታደሮች፣ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ሲጓዙ በመንገድ የቀሩ ሰዎች፣ ቆይቶም ሥራ ፍለጋ ከምዕራብ ሱዳን የፈለሱ። የሰፈሮቹ ስሞች አንዳንዴ የጎሣ፣ አንዳንዴ የሥራ ነበሩ፤ ዴም ታዓይሻና ዴም ቴሌግራፍ ምሳሌ ይሆናሉ። የታሪክ ምሁሩ አሕመድ ሲካይንጋ በ1996 ባሳተመው ስለ ሱዳን ባሮች ነጻነትና ስለ ቅኝ ግዛት ሠራተኛነት በሚተርከው መጽሐፉ፣ የካርቱም የጉልበት ሠራተኛ መደብ ከእነዚህ ሰዎች እንዴት እንደተገነባ በዝርዝር አሳይቷል።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የድሮዎቹ ዴሞች የቆሙበት መሬት ተፈላጊ ሆነ። መንግሥት ነዋሪዎቹን ወደ ደቡብ አንሥቶ አዲሶቹን ዴሞች ቀየሰላቸው። የኢኮኖሚ ምሁሩ ሰዓድ አል ዲን ፈውዚ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህን ፍልሰት አጥንቶ ጽፏል። በአስተዳደሩ ዓይን ሥራው የተሳካ ነበር፤ ቀጥ ያሉ መንገዶች ተቀደዱ፣ ውኃ ገባ። ለነዋሪው ግን ፍልሰቱ ሌላ ትምህርትም ሰጠው። በአንድ ሰፈር ሃያና ሠላሳ ዓመት መኖር መብት እንደማይሆን፣ መሬቱ ዋጋ ባወጣ ማግስት ነዋሪው እንደሚነሣ አየ። ይህ ትምህርት በኋለኞቹ ዐሥርታት በሌሎች ላይ በከፋ ሁኔታ ተደገመ።

ነጻነት በ1956 ሲመጣ የደረጃው ሥርዓት አልተነካም። እንዲያውም ጠነከረ። በ1925 የወጣው የመሬት ምዝገባ ሕግ እንደጸና ሆኖ፣ በ1970 የኒሜሪ መንግሥት ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል ሕግ አወጣ። አምስት ዓመት ቆይቶ ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ባለጸጋውን መትቶ ነበር፤ የሱዳኑ ሕግ ግን የተመዘገበውን ባለጸጋ ትቶ ያልተመዘገበውን ድኻ መታ። በሕጉ መሠረት በመንግሥት መሬት ላይ የተገኘን ሰው በኃይል ማስነሣት ይቻላል። የ1984ቱ የፍትሐ ብሔር ግንኙነቶች ሕግ ያንን ቢሽረውም መሬት የፈጣሪ ነው፣ ጠባቂው መንግሥት ነው በሚል አገላለጽ ፍሬ ነገሩን አቆየው፤ በኋላ የወጡ ማሻሻያዎችም ያልተመዘገበ መሬት ያለው ሰው በፍርድ ቤት የሚከራከርበትን በር አጠበቡት።

ከዚህ በኋላ በካርቱም የአንድ ሰው የኢኮኖሚ ዕድል በአንድ ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ። ወረቀቱ «ሸሃደት በሕስ» ይባላል። የመሬት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መዝገቡን ፈትሾ ቦታው የማን እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት የሚገልጽበት ማስረጃ ነው፤ በአዲስ አበባ «ካርታ» የሚባለውን ያህል ክብር አለው። መሬት ያለ እርሱ በወጉ አይሸጥም፣ ባንክም ያለ እርሱ ቤትን በመያዣነት አይቀበልም።

ደመወዝ ያለውና የሌለው

በ1960ዎቹ አጋማሽ የሱዳን የቤቶች ባንክ ለቤት ሥራ የረጅም ጊዜ ብድር እንዲሰጥ ተቋቋመ። በመርሕ ደረጃ ለሁሉም ክፍት ነበር። በተግባር ግን የተመዘገበ ቦታና ቋሚ ደመወዝ የሚጠይቅ ባንክ ደንበኞቹን ከየት እንደሚያገኝ ለመገመት አያዳግትም። ቋሚ ደመወዝ የነበረው በዋናነት የመንግሥት ሠራተኛው፣ መኮንኑና የትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኛ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛው ማን ነበር? በ2000 በካርቱም መስጊዶች ደጃፍ ከአርብ ስግደት በኋላ በድብቅ የተበተነውና «ጥቁሩ መጽሐፍ» የተባለው ጽሑፍ፣ ከነጻነት ጀምሮ የነበሩትን ሚኒስትሮችና ከፍተኛ ሹማምንት በትውልድ ክፍለ ሀገራቸው ቆጥሮ፣ ከሕዝቡ 5 ከመቶ ገደማ ከሚሆነው የሰሜን ክፍል የወጡት ሰዎች ሥልጣኑን በብዛት እንደያዙት አሳየ። ጽሑፉን ያዘጋጁት በኋላ በዳርፉር ጦር ያነሡ ሰዎች ናቸውና ዓላማ የሌለው ሰነድ አይደለም፤ የስም ዝርዝሩ ግን ማንም ሊያጣራው የሚችል ነበር። የሹመትና የደመወዝ አድልዎ ሳይታይ የቤት ብድር አድልዎ አይገባም። ባንኩ ስለ አመልካቹ የቆዳ ቀለም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ደመወዙንና ወረቀቱን ሲጠይቅ መልሱን አብሮ ያገኘዋል።

ስለ ቆዳ ቀለም ከተነሣ፣ ካርቱም በዚህ ረገድ የዳበረ መዝገበ ቃላት እንዳላት መጥቀስ ይገባል። «አኽደር» (አረንጓዴ)፣ «አስመር» (ጠይም)፣ «አዝረቅ» (ሰማያዊ) እየተባለ የሰው መልክ ይለያል፤ ከሁሉ በታች «ዐብድ»፣ ማለትም ባሪያ፣ የሚለው ስድብ አለ። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ የሚቆጥር አንባቢ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ከሀገራቸው የተሰደዱ ሐበሾችም ብዙ ጊዜ የራሳቸውን የባሪያና የጨዋ ቋንቋ ይዘው ነው ካርቱም የገቡት።

ጥቁር ቀበቶ

በ1983 የደቡቡ ጦርነት ዳግመኛ ሲቀጣጠል፣ በ1984 ደግሞ ድርቁ ኮርዶፋንንና ዳርፉርን ሲያራቁት፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ካርቱም ጎረፉ። በከተማው ዙሪያ የካርቶን፣ የጆንያና የጭቃ ሰፈሮች ተነሡ። እነዚህን በአዲስ አበባ አጠራር «ጨረቃ ቤት» ማለት ይቻል ነበር፤ በካርቱም «ዐሽዋኢ»፣ ማለትም እንዳገኘ የተሠራ፣ ይባላሉ። በባለሥልጣናቱና በጋዜጦቹ አፍ ግን ሌላ ስም ነበራቸው፦ «ጥቁሩ ቀበቶ»። ስያሜው የቤቱን ዓይነት ሳይሆን የነዋሪውን መልክ ይናገራል። ሕጉ የደበቀውን ስሙ አወጣው።

በኒሜሪ ዘመን መጨረሻ «ከሻ» የሚባል አፈሳ ተጀመረ። መታወቂያ ወይም ሥራ የሌለው ሰው ከመንገድ እየታፈሰ ወደ መጣበት ይመለስ ነበር፤ የሚታፈሰውም በአብዛኛው ምዕራባዊውና ደቡባዊው ነበር። ሰኔ 30 ቀን 1989 ሥልጣን የያዘው የአልበሽር መንግሥት ደግሞ ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን ሰፈሮቹን ማንሣት ጀመረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እነ ሒላት ሾክና ኩርሙታ በዶዘር ፈረሱ፤ በኩርሙታ በታኅሣሥ 1991 የተኩስ ሰለባዎች ነበሩ። የተነሡት ከከተማው ርቆ በበረሃው ውስጥ በተመደቡ ቦታዎች፣ ከእነዚህም በኦምዱርማን አስሰላም፣ በወድ አልበሺር፣ በማዮና በጀበል አውሊያ ተጣሉ። ነዋሪዎቹ ለአዲሶቹ ሰፈሮቻቸው ያወጧቸው ስሞች ራሳቸው ሰነድ ናቸው። ኦምዱርማን አስሰላም «ጀበሩና» ተባለ፦ አስገደዱን። ሌላው «ዘገሉና» ተባለ፦ ወረወሩን።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ከማፍረሱ ቀጥሎ የመጣው ድልድል ነው። መንግሥት ሕገወጥ ሰፋሪን ከተፈናቃይ ለየ። ከ1984 በፊት የመጣው ሰፋሪ ስለሚባል የመኖሪያ ቦታ የማግኘት ተስፋ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ተፈናቃይ ነውና ጊዜያዊ ነው፣ ወደ ሀገሩ ተመላሽ ነው ተባለ። ቀኑ ለሁሉም እኩል ይመስላል። ነገር ግን ጦርነቱ በ1983፣ ረሃቡ በ1984 ስለነበር ከመስመሩ በኋላ የወደቀው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ቆይቶ አንዳንዶቹ ሰፈሮች ሲቀየሱና ቦታ ሲታደል ደግሞ የዜግነት ማስረጃ፣ የጋብቻ ውል፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ የቅየሳ ክፍያ ተጠየቀ። በኑባ ተራሮች በባህል ወግ ያገባች፣ ባሏ በጦርነት የሞተባት ሴት ከእነዚህ የትኛውን ታቀርባለች? ቦታው ከመታደሉ አስቀድሞ ቤቶቹ ይፈርሱ ስለነበር፣ ወረቀት ያልተሟላለት ሰው ጎጆውንም ቦታውንም አንድ ላይ ያጣ ነበር። በግንቦት 2005 በሶባ አራዲ ሊያነሡ የመጡ ፖሊሶች ከነዋሪዎቹ ጋር ተጋጭተው ከሁለቱም ወገን ሰዎች ሞቱ።

ወለድ የሌለው አራጣ

በመስከረም 1983 ኒሜሪ የሸሪዓ ሕጎችን አወጀ። በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤቶች በወለድ እንዳይፈርዱ ከለከለ፤ በ1984 ባንኮች በሙሉ ወለድ አልባ አሠራር እንዲከተሉ ታዘዙ። ቀድሞም በ1977 የተመሠረተው ፈይሰል እስላማዊ ባንክ መንገዱን ጠርጎ ነበር። የእምነቱ ሐሳብ ግልጽና የተከበረ ነው፤ አራጣ ድኻን ይበላል፣ ስለዚህ ይጥፋ። ለአማርኛ አንባቢም ሐሳቡ ሩቅ አይደለም፤ የቀደሙት ቀሳውስትም አራጣን አውግዘዋል፤ ባላገሩም ወለድን ላለመጥራት «ወለድ አገድ» የሚባል ዘዴ ነበረው፤ አበዳሪው ወለድ በመቀበል ፈንታ የተያዘለትን መሬት እያረሰ፣ ወይም የተያዘለትን ቤት እየኖረበት ይቆያል።

በካርቱም ባንኮች ውስጥ የወለድን ቦታ በብዛት የያዘው «ሙራበሓ» ነው። ባንኩ ደንበኛው የሚፈልገውን ዕቃ፣ ለምሳሌ ሲሚንቶና ብረት፣ ራሱ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮበት በዱቤ ይሸጥለታል። ጊዜው ብዙውን ጊዜ አጭር ስለሆነ በደመወዝ ቤት ለሚሠራ ሰው አይመችም፤ ዛሬ ገዝቶ ነገ ለሚሸጥ ነጋዴ ግን ይመቻል። መያዣ ሲጠየቅም ያው ሸሃደት በሕስ ይጠየቃል። ስለዚህ ባንኮቹ ከወለድ ሲላቀቁ ከቀድሞው የደንበኞቻቸው ክበብ አልወጡም፤ ከገዢው ፓርቲ ጋር የተቀራረቡ የሰሜን ነጋዴዎች ከሁሉ ይበልጥ ተጠቀሙበት የሚለው ትችት በሱዳናውያን ምሁራን ዘንድ በሰፊው የተያዘ ነው።

ሙራበሓው ወደ ገበያ ሲወርድ «ከስር»፣ ማለትም ስብራት፣ የሚባል ልጅ ወለደ። ጥሬ ገንዘብ የቸገረው ሰው ዕቃ በውድ ዋጋ በዱቤ ይገዛል፤ ለዕዳው ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል፤ ዕቃውን እዚያው ገበያ ውስጥ በርካሽ ሽጦ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ገበያው 100 የሚያወጣውን ዕቃ በስድስት ወር ዱቤ በ140 ገዝቶ በ80 ቢሸጠው፣ በእጁ የገባው 80፣ ያለበት ዕዳ 140 ነው። ወለድ የሚል ቃል በውሉ ውስጥ የትም አይገኝም። በስድስት ወር ውስጥ ግን ተበዳሪው በወሰደው ላይ 75 ከመቶ ይጨምራል። በገጠሩ ሱዳን ገበሬው ያልደረሰ እህሉን በእርካሽ አስቀድሞ የሚሸጥበት «ሼይል» የሚባለው የቆየ ልማድ ከተማ ገብቶ ቼክ መጻፍ ተማረ ማለት ይቻላል።

ቼኩ ሳይከፈል ሲቀር ነገሩ ከፍትሐ ብሔር ወደ ወንጀል ይሻገራል። በ1991 በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 179 ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ወንጀል ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈራው ግን ፍርዱን የሚከተለው ሐረግ ነበር፦ «እስኪከፍል ይቆይ»። ተበዳሪው የእስር ዘመኑን ቢጨርስም ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ይታሰራል። ቤትና ወረቀት ያለው ሰው ሸጦ ይወጣል። ወረቀት የሌለው ሰው ቤቱ ቢኖርም የሚሸጠው መብት የለውም፤ ዘመድ እስኪያዋጣ ይቀመጣል። ተበዳሪው ራሱ መያዣ ሆነ የሚባለው በምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም።

የዚህ ዓይነቱ ዱቤ ከሁሉ የከፋ መልኩን ያሳየው ከካርቱም ውጭ በአልፋሺር ነው። በ2010 «ሱቅ አልመዋሲር» በተባለው ገበያ፣ ነጋዴዎች የሰውን መኪናና ሌላ ንብረት ከገበያው ዋጋ እጅግ በላቀ ዋጋ በቀን ቼክ እየገዙ፣ የቀደመውን በኋለኛው ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። ሲፈርስ በሺዎች የሚቆጠሩ የዳርፉር ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ገንዘባችን ይመለስ ብለው በተሰለፉት ላይም ተተኮሰ። ባንክ ያልደረሰበት ሕዝብ የቆጠበውን የሚያስቀምጥበት ሲያጣ ማን ዘንድ እንደሚሄድ ይህ አሳየ።

በዚህም ረገድ የአሜሪካው ታሪክ ተመሳሳይ ምዕራፍ አለው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በቺካጎ ባንክ የዘጋባቸው ጥቁሮች ቤት የሚገዙት ከሻጩ ጋር በሚያደርጉት የክፍያ ውል ነበር፤ ባለቤትነቱ የመጨረሻዋ ክፍያ እስክትፈጸም በሻጩ ስም ይቆያል፣ አንድ ወር ያልከፈለም ቤቱንም የከፈለውንም ያጣል። ቆይቶ በ2008 ቀውስ ዋዜማ ባንኮቹ ራሳቸው ወደ እነዚያ ሰፈሮች ከባድ ብድር ይዘው ገቡ፤ ካንትሪዋይድ በታኅሣሥ 2011 ጥቁሮችንና ላቲኖዎችን ይበልጥ አስከፍሏል ተብሎ 335 ሚሊዮን ዶላር፣ ዌልስ ፋርጎ በ2012 በተመሳሳይ ክስ 175 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በአሜሪካ ተበዳሪው ሊከስ የቻለው ውሉ በባንክ መዝገብ ስለነበረ ነው። በካርቱም ገበያ ተከሳሹ ሁልጊዜ ተበዳሪው ነው።

ሐበሾች በዴም

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ካርቱም የገቡት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት የሰፈሩት በዴም ነው። ለምን ዴምን መረጡ ቢባል፣ ከከተማው መሐል የቀረበ ሆኖ ኪራዩ የሚቻል፣ ነዋሪውም ራሱ ከየሀገሩ የተሰበሰበ ስለሆነ ነው። የባሮች ልጆች ሰፈር የስደተኞች ሰፈር ሆነ፤ ቡና ቤቱና የእንጀራው መሸጫ ሁለተኛ መልክ ሰጠው።

እነዚህን ሰዎች የሚገዛው ሕግ ግን ከአሮጌው የአገሬው ማደሪያ ፈቃድ ይልቅ የጠበቀ ነበር። በ1974 የወጣው የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ በሱዳን መሬትም ሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው፣ ከተመደበለት ቦታም ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። የተመደበለት ቦታ ደግሞ በምሥራቅ የሚገኙት እነ ቀላ አልነሐልና ኡም ራኩባ ናቸው። ስለዚህ በዴም የሚኖር ስደተኛ ሁለት ጊዜ ሕገወጥ ነበር፤ በመኖሩም፣ ቢገዛ ኖሮ በመግዛቱም። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ገንዘቡን ሊያሳርፍ የሚችለው በሱዳናዊ ወዳጅ ስም ነበር፤ ወዳጁ ቢሞት ወይም ቢክድ ደግሞ የሚከስበት ወረቀት የለውም። የባንክ ብድር እንዲህ ባለው ኑሮ ውስጥ አይታሰብም፤ ቦታውን የያዙት እቁብና በሱዳናውያኑ ዘንድ «ሰንዱቅ» የሚባለው የገንዘብ መሰብሰቢያ ናቸው። ሁለቱም መያዣ አይጠይቁም። ዳኛ ያላቸው ግን ቤት የሚያሠራ ገንዘብ የሌላቸው ናቸው።

እገዳው በባዕድነት ብቻ የመጣ እንዳልነበረ ለማየት በ2004 ሱዳንና ግብጽ የተፈራረሙትን የአራቱ ነጻነቶች ስምምነት መመልከት ይበቃል። የመንቀሳቀስ፣ የመኖር፣ የመሥራትና ንብረት የማፍራት ነጻነት ለግብጻዊው ተፈቀደ። በዴም የተወለደው የሐበሻ ልጅ ያው ተከራይ እንደሆነ ቀረ።

ዜግነት መብት መስሎ ለታየው የደቡቡ ሰው ደግሞ ሐምሌ 9 ቀን 2011 ደረሰ። ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል የሰሜኑ የዜግነት ሕግ ተሻሻለና የደቡብን ዜግነት ያገኘ ወይም ያገኛል የተባለ ሁሉ ሱዳናዊነቱን አጣ፤ እስከ ሚያዝያ 8 ቀን 2012 ጉዳዩን እንዲያስተካክል ጊዜ ተሰጠው። በኦምዱርማን አስሰላም ወይም በማዮ ከሃያ ዓመት ልፋት በኋላ የቦታ ወረቀት ያገኙ ቤተሰቦች ለሚቸኩል ሻጭ በሚሰጠው ዋጋ ሸጡ። ወረቀቱን ያላገኙት በሩንና ቆርቆሮውን ነቅለው ሸጡ። በሺዎች የሚቆጠሩትም በኮስቲ ወደብ የጀልባ ተራ ሲጠብቁ ወራት አሳለፉ።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የሱዳን ጦርና ፈጣን ደራሽ ኃይሉ በካርቱም መሐል ሲዋጉ ከተማው ባለወረቀቱንም ባለ ጨረቃ ቤቱንም አብሮ አፈናቀለ። በገላባት በኩል መተማ ከገቡት ውስጥ ሱዳናውያኑ በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ፤ ከዴም የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ወደየዘመዳቸው ተበተኑ። በአምራት ወይም በሪያድ ሰፈር ባለ ፎቅ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው ቤቱ ቢፈርስም ሸሃደት በሕሱን ወይም ቅጂውን ከያዘ ቦታው የእርሱ መሆኑን አንድ ቀን በመዝገብ ሊያስመሰክር ይችላል። ማዮ ላይ የጭቃ ቤቱን ትቶ የወጣው ሰው ያለው ማስረጃ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እነርሱም ከፊሎቹ ቻድ፣ ከፊሎቹ ደቡብ ሱዳን፣ ከፊሎቹ ግብጽ ናቸው።